ለሚስት ቦታ የሌለው ቅጽ

ማመልከቻውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ በእህቴ ባልም፣ በሽማግሌዎቹም፣ በቢሮው ሰዎችም ላይ አፌን ስከፍት «አንቺስ የት ነበርሽ?» የሚለኝ እንዳይኖር። የትም አልነበርሁም። እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ከቤቴ፣ ከጠረጴዛዬ ላይ፣ የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት ወደ ጎን ገፍቼ፣ የተሻለውን እስክሪብቶ መርጬ ጻፍሁት። እጄን ቁርጥ ያድርገው!

ነገሩ የታናሽ እህቴ ነው። እኔ እዚህ ከተማ አማርኛ አስተምራለሁ፤ እሷ ከጋፋት ወዲያ፣ በእግር ሁለት ሰዓት ከሚያስኬድ መንደር፣ ገበሬ አግብታ ትኖራለች። አባታችንም እዚያው ናቸው፤ ከግቢዋ ብትጣራ ይሰሟታል። እናታችን ካረፈች ወዲህ እኔ ለእህቴ እንደ እናት ነኝ እላለሁ። እላለሁ ነው እንግዲህ።

ባሏ ክፉ ነው ብዬ አልጀምርም። እርሻ ያውቃል፣ ከዕድር አይቀርም፣ ለጎረቤት አጨዳ ቀድሞ የሚደርስ እሱ ነው። ቁጣው ግን ቅርብ ነው፤ ከጠጣ ደግሞ ቅርብም አይባል፣ በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። አምና ጥር ላይ የእህቴን ክንድ በዱላ መታው። እጇ አብጦ ሊጥ ማቡካት አቅቷት አባታችን ቤት ሰነበተች። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ አንዱ አባታችን ናቸው። ባልየው ድንጋይ ተሸክሞ መጣ፣ ጉልበት ሳመ፣ ለካሳ ነጠላ ገዛ። «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» ተባለ፣ ተመረቀ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። እኔም ነበርሁ። ምርቃቱ ሲወርድ «አሜን» ካሉት አንዷ ነኝ።

ነጠላው ገና ሳይታጠብ፣ መጋቢት ላይ፣ ዳለቻውን ሸጠው። ዳለቻው አባታችን እህቴን ሲድሩ የሰጧት በሬ ነው፤ አመድማ፣ ረጋ ያለ፣ ሕፃን የሚነዳው። ባልየው ጠዋት በገመድ እየሳበ ይዞት ወጣ፤ ማምሻውን ክላሽ አንግቶ ገባ። እህቴ ደጅ ቆማ ከኋላው የሚመጣ ነገር ካለ ብላ አየች። «በሬዬስ?» ብትለው «ይኸው» ብሎ ትከሻውን አሳያት።

አገሩ ሁሉ «እንኳን ደስ ያለህ» ሊል ጎረፈ። ወይ ጉድ! ልጅ የተወለደ ይመስል እኮ ነው። አንዱ ያነሣዋል፣ አንዱ ይመዝነዋል፣ አንዱ ወደ ጣሪያው አነጣጥሮ አንድ ዓይኑን ይጨፍናል። እህቴ ለእንግዳው ሁሉ ጠላ ጠምቃ አቀረበች። ለበሬዋ ተዝካር አወጣች ማለት ይቀላል። ከዚያ በኋላ ቤቱ የቀረው አንድ በሬ ነው፤ አንድ በሬ ያለው ሰው እንግዲህ መቀናጆ ነው፣ ከጎረቤት በሬ ጋር አጣምሮ ተራ እየጠበቀ ማረስ። ጎረቤት ደግሞ ማንም ቢሆን መጀመሪያ የራሱን ነው የሚያርሰው። ዝናብ ተራ አይጠብቅም።

ጠመንጃ ለምን ያዘ ብዬ አይደለም የምቆጣው። ዘመኑን አውቀዋለሁ። ከብት የሚነዳ ሌባ አለ፣ መንገድ የሚጠብቅ አለ፤ ባዶ እጁን ያደረ ገበሬ እንቅልፍ የለውም። የኛም አባት አሮጌ ምንሽር ነበራቸው። ከምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነው ያደግነው፤ ግን ጥይቱ ሌላ ቦታ ነበር። ጥይቱን የምትይዘው እናታችን ናት። ከሣጥኗ፣ ከክት ቀሚሷ ሥር፣ በጨርቅ ቋጥራ ታስቀምጠዋለች፤ የሣጥኑን ቁልፍ ደግሞ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ ታስራለች። አባታችን ጅብም ቢመጣ፣ ሌባም ቢመጣ፣ «አንቺ፣ ጥይት ስጪኝ» ማለት ነበረባቸው። በዚያ መንደር የድሮዎቹ ብዙ ቤት እንደዚያ ነበር። ሕግ አይደለም፣ አዋጅ አይደለም፣ ማንም አልጻፈውም። ማንም ስላልጻፈው ይመስለኛል ሲጠፋም ማንም ያላየው።

የእህቴ ባል ግን ጥይቱንም፣ ጠመንጃውንም፣ ቁልፉንም እሱው ነው የያዘው። ቀጥሎ ጠመንጃውን ማልበስ ጀመረ። አንድ ቀን ቀሚሴን ላሳጥር ገበያው ዳር ከሚሰፉት እስላም ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድሁ። ከመኪናው ላይ ቀይ ከፋይ ጨርቅ አለ፤ ዳር ዳሩን ዘርፍ ይቀጥሉበታል። ለሙሽራ ካባ መስሎኝ «ማን ሊያገባ ነው?» አልኋቸው።

«ሙሽራ አይደለም የኔ እህት፣ የጠመንጃ ልብስ ነው» አሉ። «ወላሂ ዘንድሮ ከሴት ቀሚስ ይልቅ ለጠመንጃ የሰፋሁት ይበዛል።»

የማን እንደሆነ ብጠይቅ የእህቴ ባል ሆኖ ቁጭ! ለካ ከሳምንት በፊት ቆዳ ሠሪው ዘንድ ሄዶ ዛጎል የተደረደረበት ማንገቻ አሠርቷል፤ ወገቡ ላይ የሚዞር ዝናር አሠርቷል፤ ሁለት የጥይት ካዝና ገዝቶ አንዱን ከአንዱ ጋር በፕላስተር ጠቅልሏል። ጠመንጃው ከፋይ ይለብሳል፣ ዛጎል ያጠልቃል፣ ቅቤ በነካ ጨርቅ ይታሻል። የእህቴ የላስቲክ ጫማ ተረከዙ ተቀዶ በሽቦ ነው የተሰፋው። ቤቱ ያፈሳል። እስኪ አሁን ይህ ይነገራል?

በዚያ ሰሞን የጦር መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲያስመዘግብ ተነገረ። ባልየው አንድ ማዳበሪያ ድንች በአህያ ጭኖ ደጄ መጣ።

«ዋርሳዬ» አለኝ፣ የሚስት እህትም ዋርሳ ትባላለችና፣ «ያንቺ እጅ ጽሑፍ ያረፈበት ወረቀት ከየትም ቢሮ አይመለስም ይባላል። ማመልከቻ ጻፊልኝ።»

ማሞካሸቱን ወደድሁት። ምን ልዋሽ! ሃያ ዓመት አማርኛ ያስተማረ ሰው እጅ ጽሑፉ ሲመሰገን ልቡ ይከፈታል። የክንዷን እብጠት አስታውሼው ነበር፤ ግን «በሽማግሌ ያለቀ ነገር ነው፣ ያለፈን ጥር ከመጋቢት ምን አገናኘው» ብዬ ለራሴ መለስሁ። ጻፍሁም። «አመልካች በአካባቢያቸው ሰላማዊና ታታሪ አርሶ አደር ሲሆኑ፣ ጠብ የማይወዱ፣ መጠጥ የማያዘወትሩ፣ ከቤተሰባቸውና ከጎረቤታቸው ጋር በፍቅር የሚኖሩ» እያልሁ። «በፍቅር» የሚለውን እሱ አላለኝም። ዐረፍተ ነገሩ ቤት እንዲመታልኝ ብዬ እኔ ነኝ የጨመርሁት። ሳነብለት ደስ ብሎት «ይህ ሰውዬ እኔ ነኝ?» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ለፈቃዱ ሦስት ዋስ ያስፈልጋል፤ የሰውየውን ጠባይ የሚመሰክሩ ትልልቅ ሰዎች። እነማን የፈረሙለት ይመስላችኋል? እነዚያው ሦስቱ ሽማግሌዎች። ጥር ላይ «ሚስትህን ሁለተኛ እንዳትነካ» ብለው የገዘቱት ሰዎች፣ ሚያዝያ ላይ «ጠባዩ የተመሰከረለት ነው» ብለው ጣታቸውን አተሙ። አባታችንም አተሙ። ዋሽተው አይደለም። በኛ አገር ሰው ዋስ ሁነኝ ብሎ ደጅህ መጥቶ እምቢ ማለት ከስድብም ይከፋል፣ ደም እንደመፈለግ ነው የሚቆጠረው። ያስታረቁትን ሰው ደግሞ «አላምንህም» ማለት የራስን ዕርቅ ማፍረስ ነው። ስለዚህ የዕርቁ ሽማግሌ ሁሉ የጠመንጃ ዋስ ይሆናል። ይኸ ነው እንግዲህ የኛ ብልሃት!

ትምህርት ቤታችን አንድ የፊዚክስ መምህር አለ፤ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ ያየውን ያነበበውን ሁሉ ሻይ ቤት ይዞ የሚመጣ ሰው። በዚያ ሰሞን ወሬው ሁሉ ምዝገባ ስለነበር የየአገሩን ሕግ ያወራልን ጀመር። «አሜሪካ አንዳንዱ ግዛት ሱቅ ገብተህ እንደ ጫማ መርጠህ ትወጣለህ፤ ሌላው ግዛት ደግሞ ደጅ ያስጠናሃል። ጃፓን የአደን ጠመንጃ ለመያዝ ትምህርት አለው፣ ፈተና አለው፣ ሐኪም አለው፤ የት እንደምትቆልፈውም ፖሊስ ማወቅ አለበት። ካናዳ ደግሞ ሚስት ካለችህ ማመልከቻው ላይ እሷም የምትፈርምበት ቦታ አለ፤ ካልፈረመች መንግሥት ራሱ ያሳውቃታል። ኒው ዚላንድ ፖሊስ ቤት ድረስ ሄዶ ሚስትየዋን ለብቻዋ ያናግራታል።»

«ምን ብሎ?» አልሁት።

«ትፈሪዋለሽ ወይ ብሎ ነዋ።»

የታሪክ መምህራችን ሻዩ ትን አለው። «ሚስቱን አስፈቅዶ ጠመንጃ የሚይዝ ወንድ? እንግዲያው ቀሚሷንም ይልበሳ!» አለ። «በኛ አገር ሚስትና ጠመንጃ አይዋሱም።» ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔ ደግሞ ማንም ሳያስገድደኝ አብሬ ሳቅሁ። ይህንንም ከማመልከቻው ጋር ጻፉብኝ።

ሐምሌ ላይ ሆነ። ዝናቡ ገብቷል፣ የሰው ማሳ ጤፍ ይዘራበታል፣ የነሱ ግን ገና ሁለተኛውን እርሻ አላየም፤ መቀናጆው ጎረቤት በሬውን ለራሱ ይዞታል። ቀትር ላይ ነው። ባልየው ከጎረቤት ተመልሶ ተናዶ ተቀምጧል። እህቴ ሽሮ እያማሰለች፣ ቀና ሳትል፣ «ዳለቻው ቢኖር ይኸኔ ዘርተን ነበር» አለች። ያለችው ይህን ብቻ ነው።

ተነሣ። ከምሰሶው ላይ አወረደው። አንድ ነገር ነው እስካሁን ደሜን የሚያፈላው፤ ከፋዩን ቀስ ብሎ አወለቀ አለችኝ። ዘርፉ እንዳይበጠስ ማሰሪያውን ፈታ፣ ልብሱን አጥፎ መደብ ላይ አኖረ። ለጨርቁ ትዕግሥት ነበረው! ከዚያ አቀባብሎ ተኮሰ። ጥይቱ በትከሻዋ አናት አልፎ ከኋላዋ ያለውን ጎታ በሳው። ጎታው እሷ ራሷ ከጭቃና ከጭድ ያበጀችው ነው፣ ያመቱ ጤፍ ያለበት። ጤፉ በቀዳዳው ይፈስ ጀመር።

የአምስት ዓመት ልጅ አለቻቸው። መጫወቻዋ ከዚያ ጎታ ጀርባ ነው፤ አሻንጉሊቷን እዚያ ታስተኛለች፣ እዚያ ትደበቃለች። የዚያን ቀን አያቷ ዘንድ ነበረች። እግዚአብሔር ይመስገን ልበል ወይስ ምን ልበል?

«አንቺን ብዬ አይደለም፣ ጎታውን ነው» አላት ባሏ። «አንቺን ብዬ ቢሆን እስታለሁ?» በዚህ ደግሞ እንድትጽናና ፈልጎ ነው።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ልጅቱን አዝላ፣ በዝናብ ርሳ፣ ቤቴ ደረሰች። ነጠላዋን ላሰጣው ሳራግፈው ጤፍ ከወለሉ ላይ ፈሰሰ። እሷ እያየችው «እታለም፣ የሚደፍነው የለም እኮ፣ እስከ ማታ ያልቃል» ትለኛለች። ትኩስ ነገር ሰጠኋት። ስለ ጥይቱ የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው። እዚያ ላይ ነው «በፍቅር የሚኖሩ» ያልሁት ትዝ ያለኝ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

«ፖሊስ ጋ እንሂድ» አልኋት። «የልጄን አባት አላሳስርም» አለች። ተጣላን። «ይገድልሻል!» ብዬ ጮኽሁባት፤ ልጅቱ ደንግጣ አለቀሰች። በመጨረሻ «እንዲታሰር አልፈልግም፣ ያ ነገር ከቤቴ እንዲወጣ ነው የምፈልግ» አለችኝ። እኔም እሺ፣ እንደዚያ ከሆነ የጻፍሁትን እኔው አነሣዋለሁ አልሁ።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ ሄድሁ። ጨዋ ወጣት ነው የተቀበለኝ፣ ወንበር ሰጠኝ፣ ፋይሉን አወጣ። የገዛ እጅ ጽሑፌ እንደተሽቀረቀረ ቁጭ ብሏል። «ይህን የጻፍሁት እኔ ነኝ፣ ውሸት ነው፣ መልሱልኝ» አልሁት።

«እትዬ፣ ጸሐፊ አይጠየቅም» አለ። «ማመልከቻውን ያቀረበው እሱ ነው።»

«እንግዲያው ሚስቱን ጠይቁ። አለች፣ ቤቴ ናት፣ አሁን ላምጣት።»

ቅጹን ወደኔ አዞረው። ክፉ ሊሆን አይደለም፣ እንዳምነው ብሎ ነው። «ይኸው ይዩት፤ ለሚስት ቦታ የለውም» አለ።

አየሁት። የጠመንጃው ዓይነት ቦታ አለው። የጠመንጃው ቁጥር ቦታ አለው። የካዝና ብዛት፣ የጥይት ብዛት፣ ሁሉም ሠንጠረዥ ተሠርቶለታል። የአመልካች የጋብቻ ሁኔታ የሚል አለ፣ «ያገባ» የሚለው ላይ ምልክት ተደርጎበታል። ይኸው ነው እህቴ! ለካዝናው ሠንጠረዥ፣ ለሷ አንዲት ጭረት።

«የሚቻለው አንድ ነገር ነው» አለኝ ልጁ። «ከሦስቱ ዋሶች አንዱ ዋስትናዬን አነሣለሁ ብሎ ቢመጣ፣ ሌላ ዋስ እስኪተካ መሣሪያው እኛ ዘንድ ይቀመጣል።»

ከሦስቱ አንዱ። ዋስትናውን ያነሣ ሽማግሌ በኛ አገር ቃሉን የበላ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ለዕርቅ አይጠራውም። ያን ሁሉ እያሰብሁ በጋፋት መንገድ ወደ አባታችን ቤት ወረድሁ። ጋፋት ጥንት ንጉሡ ብረት አስቀልጦ መድፍ ያሠራበት ነው፤ ዛሬ እርሻና የእግር መንገድ ብቻ ነው። ስንት ጊዜ ተማሪ ይዤ ሄጄ በኩራት አስረድቼበታለሁ! የዚያን ቀን ግን ንድድ ብሎኝ፣ እግሬን እያነሣሁ ስጥል፣ ብረት አቅልጠን ማረሻ ያደረግንበትን ቦታ ደግሞ ማን ያስጎበኘናል እያልሁ ብቻዬን ሳወራ አንዲት ሴትዮ አይታኝ አማተበች።

አባቴን ለመንኋቸው። «ተይ ልጄ፣ እሑድ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ እዚያ ይታያል» አሉ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአባታችን ግቢ ከወይራው ሥር ተቀመጡ። ባልየው ጥር ላይ እንዳደረገው ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። ሽማግሌዎቹ ገሠጹት፤ መገሠጽስ ያውቁበታል። የፈሰሰውን ጤፍ ይተካ፣ ጎታውን ይድፈን፣ ለሚስቱ ቀሚስ ይግዛ፣ እሷም ወደ ቤቷ ትግባ ተባለ።

«ጠመንጃውስ?» አልሁ ከሴቶቹ መካከል።

በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ወደኔ ዞረው «ጠመንጃው ምን አጠፋ ልጄ?» አሉ። ከልባቸው ነው የጠየቁት።

ተነሣሁ። ሴት በዕርቅ ሸንጎ መካከል አትቆምም፤ አውቃለሁ። አባቴ «ተቀመጪ» አሉኝ። አልተቀመጥሁም። የማመልከቻው ረቂቅ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«አባቶቼ፣ ይህ እናንተ ጣት ያተማችሁበት፣ እኔ የጻፍሁት ወረቀት ነው» አልኋቸው። «በሰው አገር ጠመንጃ ከመፈቀዱ በፊት ሚስት ትጠየቃለች። እኛ ሳንጠይቃት ቀርተናል። አሁን ልጠይቃት።» ወደ እህቴ ዞርሁ። «ጠብ የማይወዱ ይላል። እውነት ነው?»

እህቴ መሬት መሬት እያየች «ይወዳል» አለች።

«መጠጥ የማያዘወትሩ?»

«ለቅዱስ ሚካኤልም ይጠጣል፣ ለማርያምም ይጠጣል፣ ዝክር በሌለበትም ይጠጣል።» ከሴቶቹ አንዷ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ባልየው ከነድንጋዩ አንገቱን ደፋ።

«ትፈሪዋለሽ?» ይህ ወረቀቱ ላይ የለም፤ የፊዚክሱ መምህር ያወራው ነው።

«ሲቆጣ አልፈራውም ነበር» አለች። «ቁጣውን ለምጄዋለሁ። አሁን ግን ዝም ብሎ ቀና ብሎ ምሰሶውን ካየ እፈራለሁ።»

የመጨረሻዋን አነበብሁ። «ከቤተሰባቸው ጋር በፍቅር የሚኖሩ ይላል። እውነት ነው?»

ያን ጊዜ ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። «እሱን አንቺ ነሽ የጻፍሽው እታለም» አለች። «አንቺ ንገሪኛ።»

ሽማግሌዎቹን ላሳፍር ተነሥቼ እኔው አፍሬ ወረቀቱን እንደያዝሁ ቆምሁ። እስካሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል።

ያን ጊዜ አባታችን ጣልቃ ገቡ። ባልየውን «ጥይቱን ማን ነው የሚይዘው?» አሉት።

«እኔ ነኛ፣ አባባ። ማን ይያዘው?»

«የኔን ሚስቴ ነበረች የምትይዘው» አሉ። «ሰው አስቆጥቶኝ ስንት ቀን ጥይት አምጪ ብያታለሁ። ቁልፉን ከአንገቷ እስክትፈታ፣ ሣጥኗን እስክትከፍት፣ ጨርቁን እስክትፈታ፣ ቁጣዬ ይበርዳል። አንዳንዴም ቁልፉ ጠፋኝ ትለኛለች። እንደምትዋሽ አውቃለሁ፤ ዝም እላታለሁ።» ከዚያ ለሁለቱ ሽማግሌዎች «ጣቴን አነሣለሁ» አሏቸው።

«ኧረ ተው! በስተርጅና ቃልህን ትበላለህ?» አሉ ትልቁ።

«ቃሌ ልጄን ከሚበላ፣ እኔ እሱን ልብላው።»

በነጋታው ዘንጋቸውን ይዘው ሁለት ሰዓት ተጉዘው ከተማ ገቡ። ቢሮ ድረስ አብሬያቸው ሄድሁ። ወጣቱ ሁለት ጊዜ «እርግጠኛ ነዎት?» አላቸው። ጣታቸውን በቀለም ነክረው አተሙ፤ ሲወጡ ጣታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ጠርገው ቀለሙ እምቢ አለ። ክላሹም ከነከፋዩ ከነዛጎሉ በዚያው ሳምንት ቢሮ ገባ።

ሁለት ሳምንት አልሞላውም፣ ባልየው ሌላ ዋስ አገኘ። ዋስ በአገራችን መቼ ጠፍቶ! ፋይሉ እንደገና ስለተከፈተ አዲስ ማመልከቻ ያስፈልገዋል ተባለ። ብታምኑም ባታምኑም ድንች ጭኖ እኔው ደጅ መጣ። ድፍረቱ ይገርማል ልላችሁ ነበር፤ ድፍረት አይደለም፣ ከልቡ አልገባውም። ታርቀናል ብሎ ነው የሚያስበው።

«ግባ፣ እጽፍልሃለሁ» አልሁት። እህቴ ወደ ቤቷ አልተመለሰችም፣ ጓዳ ናት፤ ጠራኋት፣ መጣች፣ አጠገቤ ቆመች። ስሙን ጻፍሁ፣ የጠመንጃውን ቁጥር ጻፍሁ። ሰላማዊ፣ ታታሪ፣ ፍቅር፣ አንድም አልጻፍሁ። ከታች መስመር አሰመርሁና «የሚስት ቃል» ብዬ ጻፍሁበት። «በይ ንገሪኝ፣ እንዳልሽው ነው የምጽፈው» አልኋት።

ባሏ ፊቷ ቆሟል። አንድ ጊዜ ልጅቷን አየች፣ አንድ ጊዜ እሱን አየች። «ጠመንጃው ይውጣ፣ በሬዬ ይግባ፤ ያን ጊዜ እኔም እገባለሁ» አለች። ጻፍሁት። ቀለም አቀረብሁላት፣ አውራ ጣቷን አተመች። እኔ አንዲት ቃል አልጨመርሁም።

ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ሳይነካው ወጣ። ቢሮው በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፉ ሞልተዋል፤ ከአንዱ አስጽፎ፣ ጠመንጃውን በአዲሱ ዋስ ወስዶ ከምሰሶው ላይ መልሶ ሰቅሎታል አሉ። ጎታው ግን አልተደፈነም ይላሉ። እሷ ናት ጭቃ ማቡካት የምታውቀው።

አባታችንን ከዚያ ወዲህ ለዕርቅ የጠራቸው የለም። ዕድር ሲሄዱ ሰላምታ ይሰጧቸዋል፣ ቦታ ይለቁላቸዋል፣ ነገር ግን አያማክሯቸውም። እሳቸው ግን የገበያ ቀን ሲሆን ለልጅቱ ሸንኮራ ይዘው ይመጣሉ።

እህቴ እኔው ጋ ናት። በገበያ ቀን ጎመንና ድንች ትሸጣለች። ከመንደር የመጣ ሰው ሲያገኛት ስለ ባሏ ሊነግራት ይጀምራል፣ ከስቷል ይላታል፣ ይናፍቅሻል ይላታል፣ መጠጥ ቀንሷል ይላታል። እሷ ሚዛኗን ሳትለቅ «በሬ ገዛ?» ትላለች።

«አልገዛም» ይሏታል።

«እንግዲያው ስንት ኪሎ ላድርግልዎ?» ትላቸዋለች።